በደብረ ማርቆስ ገበያ ስለሚሸጥ ቢላዋና ስለ ሠሪዎቹ ስም

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ የሰላሌን ሜዳ አልፎ ጎሐ ጽዮን ሲደርስ ምድር ከፊቱ ተከፍታ ያያል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የዓባይ ሸለቆ ከ1000 ሜትር የበለጠ ጥልቀት አለው፤ ቍልቍለቱ የመኪናውን ፍሬን፥ ዐቀበቱ ደግሞ የሞተሩን ኃይል ይፈትናል። በወንዙ ላይ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ ተመርቆ ተከፍቷል። ደጀን ላይ ሲወጡ ደጋው እንደገና ይዘረጋል፤ ጤፉ፥ ስንዴውና ባቄላው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ ይሄዳል፤ በስተ ሰሜንም የጮቄ ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። ደብረ ማርቆስም ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል 2400 ሜትር ከሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች።

ስለዚህ አገር የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ተራራውን፥ ወንዙን፥ አድባራቱንና የቅኔ መምህራኑን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን የአንድን አገር ሥራ ለማወቅ የሚሻ ሰው የቤት እመቤት በየቀኑ በእጇ የምትይዘውን ዕቃ ቢመለከት ሌላ ብዙ ነገር ይማራል። ከነዚህም ዕቃዎች አንዱ ቢላዋ ነው። ሽንኩርቱ የሚከተፈው፥ ዶሮው በብልቱ የሚወጣው፥ ሥጋው የሚዘለዘለው፥ ዳቦው የሚቈረሰው በእርሱ ነው። እንጀራ ያለ ቢላዋ ይበላል እንጂ ወጡ ያለ ቢላዋ አይሠራም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በደብረ ማርቆስ ገበያ አጠገብ ያለች አንዲት ትንሽ የቢላዋ ሱቅ ምን እንደምትሸጥ፥ የምትሸጠውም በማን እጅ እንደሚሠራ፥ በመጨረሻም የሠሪው ስም ለምን ከሥራው ተለይቶ እንደሚኖር ለመናገር እወዳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ከተማይቱ ጥቂት ቃል መናገር ይገባል። ከተማይቱ በ1845 ዓ.ም. ገደማ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ስትቈረቈር ስሟ መንቆረር ነበረ። በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው የነገሡት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ከተማይቱ በታቦቱ ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። ከዚያም በፊት ቢሆን ይህ አውራጃ የንግድ አገር ነበረ። በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከሰሜን ከሚመጣው አሞሌ ጨውና ልብስ ጋራ የሚገናኝበት ስፍራ ስለ ነበረ፥ በ1830ዎቹ ዓ.ም. በጎጃም የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለ እርሱ ጽፎለታል። እንግዲህ የዚህ አገር ሰው መሸጥና መግዛትን፥ ዕቃን በዓይን መመርመርንና በጣት መፈተንን የተማረው ዛሬ አይደለም።

ያች ሱቅ ከገበያው ዳር ቆርቆሮ በለበሰች አንዲት ክፍል ውስጥ ናት። ባለቤቷ ዕድሜያቸው ወደ 60 የሚጠጋ እመበለት ናቸው፤ ባላቸው በሕይወት ሳሉ ጨውና አቡጀዴ ይሸጡባት ነበረ። ዛሬ ግድግዳዋ በሙሉ ስለት ነው። ከላይ በኩል ለሥጋ የሚሆኑ ረጃጅም ካራዎች ተሰቅለዋል፤ ከነርሱ በታች የሽንኩርትና የጎመን መክተፊያ ቢላዋዎች አሉ፤ ጫፋቸው የቀጠነ፥ የዶሮን መገጣጠሚያ የሚያገኙ ትንንሽ ቢላዋዎች ለብቻቸው ተደርድረዋል፤ በማዕዘኑም ማጭድ፥ መጥረቢያና ወስፌ ተከምሯል። ከፋብሪካ የመጣ ቢላዋ ግን አንድም የለም። «ከውጭ አገር የሚመጣውን የማይዝገውን ቢላዋ ለምን አይሸጡም?» ተብለው ሲጠየቁ፥ «እሱማ በየሱቁ ሞልቶ የለ፤ እኔ የምሸጠው ከተሰበረ ሠሪውን ጠርቼ የምወቅስበትን ነው» ብለው ይመልሳሉ።

ቢላዋውን የሚያመጡላቸው በከተማይቱ ዳርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ ባለ እጆች ናቸው። እያንዳንዱ በገዛ ቤቱ፥ በገዛ ወናፉ የሚሠራ እንጂ የማንም ቅጥረኛ አይደለም። ሥራቸውን ለማየት ከነዚሁ ወደ አንዱ ቤት ሄጄ ነበርና ያየሁትን በአጭሩ እናገራለሁ።

ባለ እጁ ከምድር ተቀምጦ ይሠራል። ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ሁለት ወናፎች ከአጠገቡ አሉ፤ ልጁ አንዱን ሲያነሣ ሌላውን እየተጫነ ነፋሱን ሳያቋርጥ በሸክላ አፍ ወደ ፍሙ ይሰድደዋል። ከሰሉ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የአዊ ገበሬዎች በፋግታ ለኮማና በአካባቢው በብዛት ከሚተክሉት ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት ነው፤ ይኸው ከሰል ወደ አዲስ አበባም ስለሚጫን ቀጥቃጩ ከዋናው ከተማ ገዢ ጋራ ይሻማበታል። ብረቱ የሚመጣው ከአሮጌ የጭነት መኪና ነው። ባሌስትራ የሚባለው የመኪናው መሸከሚያ ብረት ለቢላዋ እጅግ የተመረጠ ነው፤ ምክንያቱም ከመቶው ግማሽ እጅ ያህል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ የከሰል ባሕርይ፥ ማለት ካርቦን፥ በውስጡ ስላለ ግሎ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። ለቤት ሥራ የሚውለው ፌሮ ግን ይህ ባሕርይ ስለሚያንሰው ቢላዋ ቢያደርጉት ቶሎ ይደንዛል፤ ባዩት ጊዜ ያማረ ቢመስልም በሦስተኛው ሽንኩርት ያፍራል።

አባቶቻችን ጠንካራውን ብረት ዓረብ ብረት ብለው ከተራው ብረት ለይተው ጠርተውታል። ልዩነቱ በአገራችን የቆየ ዕውቀት ነው፤ ከ1900 ዓመት በፊት ገደማ በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የመርከብ ጉዞ መጽሐፍ እንኳ በአዱሊስ ወደብ ከህንድ የሚገባውን ብረትና ጠንካራውን ብረት ለየብቻ ቈጥሮ ጽፎታል።

ባሌስትራው በፍም ግሎ በመስፍ ላይ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል፤ ዳግመኛ ይግላል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው ሲባል የምንሰማው ምሳሌ ለዚህ ሰው ምሳሌ ሳይሆን የየሰዓቱ ሕግ ነው። ቅርጹ ከወጣ በኋላ በሞረድ ይስተካከላል። ከዚያ በኋላ የሥራው ሁሉ ራስ የሆነው ይመጣል። ስለቱ እንደ በሰለ ብርቱካን ቀይ ሆኖ ሲግል በዘይት ወይም በውኃ ይነከራል፤ በዚያች ቅጽበት ብረቱ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ሸክላ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ባለ እጁ በለሰለሰ ፍም ላይ እንደገና ቀስ አድርጎ ያሞቀዋል፤ የተወለወለው ብረት መልኩ እንደ ገለባ ቢጫ ሲሆን ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ጥቂት አልፏልና ወዲያው ያነሣዋል። ጥቂት ቢዘገይ ሰማያዊ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ስለቱ ለስልሷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚለካው ያለ መሣሪያ በዓይኑ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ቤቱን ጨለም አድርጎ ይይዛል፤ በፀሓይ ብርሃን የፍሙ መልክ ያታልላልና። በመጨረሻ የወይራ እንጨት ወይም የበሬ ቀንድ ቀርጾ እጀታ ያደርግለታል።

አሁን ወደ ሱቂቱ እንመለስ። የሱቂቱ ባለቤት ንግዳቸውን የሚያካሂዱት እንዲህ ነው። ለባለ እጁ የብረቱንና የከሰሉን ዋጋ አስቀድመው ይሰጣሉ፤ የእጁን ዋጋ ቢላዋው ሲመጣ ይከፍላሉ። ይህ ሥርዓት ባይኖር ባለ እጁ ብረት ለመግዛት ካራውን ሳይጨርስ በርካሽ ለመሸጥ ይገደዳልና፥ ሱቂቱ ለእርሱ ገበያ ብቻ ሳትሆን ትዕግሥትም ናት። ቢላዋው ሲመጣ ይፈትኑታል። አንደኛ በጥፍራቸው መትተው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ የተሰነጠቀ ስለት ድምፁ ዕውር ነው። ሁለተኛ ጫፉን በጣውላ ላይ ጥቂት ይለምጡታል፤ ለምጦ የቀረ ለስላሳ ነው፥ የተመለሰ ግን ደኅና ነው። ሦስተኛ በደረቅ የሽንኩርት ልጣጭ ላይ ያለ ኃይል ይስቡታል። በዚህ ፈተና የወደቀው ለሠሪው ይመለሳል፤ ሠሪውም ያለ ቅያሜ ይቀበላል።

ዓመቱም በዚህ ንግድ ላይ የራሱ ሥርዓት አለው። መስከረምና ጥቅምት የማጭድ ወራት ናቸው፤ ገበሬው ለአጨዳ ይዘጋጃልና። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የሥጋ ካራ ከግድግዳው አይወርድም፤ የጎመኑና የሽንኩርቱ ቢላዋ ግን ይሸጣል። የፋሲካ ሰሙን ሲደርስ ከጥዋት እስከ ማታ ሱቂቱ በሰው ትሞላለች፤ ዶሮውን 12 ብልት አድርጋ የምታወጣ ሴት በደነዘ ቢላዋ መዋረድ አትፈልግምና። ከገበያ ቀን ውጭ ባለው ጊዜ ደግሞ የሱቂቱ ሥራ አሮጌ ቢላዋ መሳል ነው፤ ለሥራው የሚገኘው ገንዘብ ጥቂት ቢሆንም ገዢውና ቢላዋው እንደገና የሚገናኙት በዚያ ነው።

እዚህ ድረስ የተነገረው ስለ ንግዱ ነው። ነገሩ የሚከብደው ግን ቀጥሎ ነው። አንዱን ካራ አንሥቼ፥ «እትዬ፥ ይህ የማን ሥራ ነው?» ብላቸው፥ ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱኝና፥ «እርስዎ የሚጠይቁኝ ሠሪውን ለማክበር ነው ወይስ ለመሸሽ?» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሡትም። በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጥ፥ ሸክላ የሚሠራ፥ ቆዳ የሚፍቅ፥ ሸማ የሚሠራ ሰው ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ሲናቅ ኖሯል። በባለ እጁ ላይ ከንቀቱ የከፋ ነገር ተጨምሮበታል፤ ይኸውም ቡዳ ነው፥ ሰው ይበላል የሚለው ሐሜት ነው። ገበሬው ማረሻውን ያሠራዋል፤ እመቤቲቱ ቢላዋውን ትገዛዋለች፤ ነገር ግን ልጇ ቢታመም የምታስበው እርሱን ነው፤ ልጁንም ለልጇ አታጋባም። በፍርድ ቤት ጸሐፊነቴ ከጻፍኋቸው የስድብ አቤቱታዎች መካከል ይህ ቃል የተነሣባቸው ጥቂት አይደሉም። ስድቡን የተናገረው ሰው ብዙ ጊዜ በገዛ ቤቱ ያለውን ስለት የሠራለትን ሰው ነው የሰደበው።

ስለዚህ እመበለቲቱ ከጥቂት ዓመት በፊት ድረስ የሠሪዎቹን ስም ይሸሽጉ ነበረ። ገዢ «የማን ነው?» ሲል፥ «ከወደ ቡሬ የመጣ ነው» ወይም «ከሩቅ አገር ነው» ብለው ያልፉ ነበረ። ኋላ ግን ይህ ነገር ራሳቸውን ከነከናቸው። «የሰውየውን እጅ እየሸጥሁ የሰውየውን ስም እደብቃለሁ፤ ይህ ከሌባ ምን ይለያል?» አሉ። ለባለ እጁም፥ «ወንድሜ፥ ስምህን በብረቱ ላይ ቅረጸው፤ ገዢው ይወቅህ» አሉት። እርሱ ግን እንቢ አለ። «እቴ፥ ስሜ ከብረቱ ላይ ቢቀረጽ የሚሸጥ ይመስልዎታል? ስለቱን አይተው ይወዱታል፤ ስሙን አይተው መልሰው ይሰቅሉታል» አላቸው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ቃል ቀላል ቃል አይደለም። ጸሐፊ በጻፈው ላይ ስሙን ያኖራል፤ ቅኔ ያበረከተ መምህር ቅኔው በስሙ ይነገርለታል፤ ዳኛ በፍርዱ ላይ ይፈርማል። ይህ ሰው ግን ሥራው እንዲወደድለት ስሙ እንዲሰወር የሚለምን ሰው ሆኗል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ ለባለ እጁ ግን በሕይወቱ ሳለ እንኳ ከመስፉ በላይ እንዳይውል አድርገንበታል።

ይህን ክፉ ልማድ የተቃወሙ ነገሥታት አልታጡም። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ባለ እጆችን ሰብስበው አክብረው አኖሩ፤ በዚያም ሴባስቶፖል የተባለው ታላቁ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ገደማ ቀልጦ ተሠራ። ነገር ግን ስለ መድፉ ሲነገር የቫልድማየርና የጓደኞቹ የአውሮፓውያን ስም ይነሣል፤ ከሰል ያከሰለው፥ ወናፍ የነፋው፥ ሸክላውን ያቦካው ያገሬው ባለ እጅ ስም ግን በሰው አፍ አይሰማም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ፤ ብረት የሚሠራውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ የሚነግደውንና የሚያርሰውን እያነሡ፥ ሠሪን የሚሰድብ ንጉሡን እንደ ሰደበ እንዲቈጠር አስታወቁ። በዚያው አዋጅ ውስጥ በጽሕፈቱ ምክንያት ጠንቋይ እየተባለ የሚሰደበው ጸሐፊም ተቈጥሯል። እኔ ይህን ሳስብ ጸሐፊና ቀጥቃጭ በአንድ አዋጅ ጥላ ሥር መግባታቸው ደስ ይለኛል፤ ደግሞም እውነት ነው፤ ብራናው የሚፋቀው፥ የመቃው ብርዕ የሚቀረጸው ባለ እጁ በሠራው ስለት ነበረና። መጽሐፍ ሁሉ ከመጻፉ በፊት በቢላዋ ተጀምሯል።

ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን አልፏል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደንግጓል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ ስድብንና ስም ማጥፋትን የሚያስቀጣ አድርጓል። ይሁን እንጂ ሕግ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ በገበያ መካከል ቢላዋውን መልሶ የሚሰቅለውን እጅ ግን አይዝም። እርሱን የሚይዘው የቤት እመቤቲቱና የጌትዮው ማስተዋል ነው።

ባለ እጅ ሲሄድ ምን እንደሚቀር ለማወቅ የሚሻ ወደ ጎንደር ይመልከት። በወለቃና በሌሎቹ መንደሮች የነበሩት ቤተ እስራኤል ለገበሬው ማረሻና ማጭድ፥ ለቤቱም ቢላዋና ሸክላ ይሠሩ ነበረ። በ1977 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ይልቁንም በግንቦት 1983 ዓ.ም.፥ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል አገር ሄዱ። ሰው ለሃይማኖቱና ለተስፋው መሄዱ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን የሄዱት በችሎታቸው ሳይከበሩ ብዙ ዘመን ከኖሩ በኋላ ነበረ፤ ዕውቀቱም ከእጃቸው ጋራ ሄደ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል የተባለው ለዚህ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 13 በእስራኤል ምድር ቀጥቃጭ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ማረሻውን ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር ይወርድ እንደ ነበረ ተጽፏል፤ ይህን ለምናነብ ሁሉ ተግሣጽ ነው።

ሌሎች አገሮች ግን የስለትን ስም ጠብቀው ከብረዋል። በእንግሊዝ አገር ያለችው የሸፊልድ ከተማ ቢላዋ ሠሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1624 ዓ.ም. በፓርላማ ሕግ ማኅበር ሆነው ተቋቁመው፥ እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ምልክት እንዲያስመዘግብ፥ የባልንጀራውንም ምልክት እንዳይሰርቅ አደረጉ። በጀርመን ያለችው የዞሊንገን ከተማ ስም በ1938 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በሕግ ተጠብቆ፥ በዚያ ያልተሠራ ቢላዋ በስሟ እንዳይጠራ ሆነ። በጃፓን በኦሳካ አጠገብ ባለችው በሳካይ ከተማ ደግሞ አንዱ ይቀጠቅጣል፥ ሌላው ይስላል፥ ሦስተኛው እጀታ ያገባል፤ ነጋዴው ሦስቱን አገናኝቶ ይሸጣል። የሳካይ ነጋዴ ሥራ ከደብረ ማርቆሷ እመበለት ሥራ በመጠን እንጂ በዓይነት አይለይም። ልዩነቱ በሳካይ ቀጥቃጭ መሆን ክብር ሲሆን በእኛ ዘንድ ምስጢር መሆኑ ነው።

መንገዱም ለእኛ አልተዘጋም። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 ማንም ሠሪ ወይም ነጋዴ ዕቃውን ከሌላው የሚለይበትን ምልክት አስመዝግቦ በሕግ እንዲጠበቅለት ይፈቅዳል። ባለ እጆች ተባብረው ይህን ቢያደርጉ፥ የአውራጃው ሹማምንትም ቢያግዟቸው፥ ለመንግሥትም ለሠሪውም የሚጠቅም ሥራ ነው።

እመበለቲቱ ግን አዋጁን ሳይጠብቁ የራሳቸውን ዘዴ ጀምረዋል። ባለ እጁ ስሙን ስለ ፈራ በስሙ ፈንታ ምልክት እንዲያደርግ ተስማሙ፤ በስለቱ አንገት ላይ ሦስት ነጥብ ይመታበታል። ሌላው ባለ እጅ አንድ ግማሽ ጨረቃ፥ ሦስተኛው ሁለት ሰረዝ አደረገ። ገዢዎችም ቢላዋውን በምልክቱ መጥራት ጀመሩ። እኔ በነበርሁበት ቀን አንዲት የሠርግ ወጥ ሠሪ መጥታ፥ «ያን ባለ ሦስት ነጥቡን ሁለት ይስጡኝ፤ ዐሥር በግ አውጥቼበት አልደነዘም» አለች። እመበለቲቱ ሁለቱን ሰጥተው፥ «ሠሪውን ልንገርሽ?» ብለው ስሙን ነገሯት። ሴቲቱ ጥቂት አሰበች፤ ከዚያ፥ «እጁን ይባርከው» ብላ ሄደች። በዚያው ቀን ግን ሌላ ሰው ስሙን በሰማ ጊዜ የከፈለውን ብር ተቀብሎ ቢላዋውን መልሷል። እመበለቲቱ ብሩን ያለ ክርክር መለሱለትና ቢላዋውን በነበረበት ሰቀሉት።

የባለ እጁ ልጅ 15 ዓመቱ ነው። በትምህርት ቤት የቀጥቃጭ ልጅ እየተባለ ስለ ተሰደበ ወናፉን ጠልቶ ወደ ከተማ ሄዶ ድንጋይ ለመሸከም አስቦ ነበረ። የሠርጓን ወጥ ሠሪ ምርቃት ከእመበለቲቱ አፍ በሰማ ጊዜ ግን አባቱን፥ «ከሦስቱ ነጥብ አጠገብ የስምህን መጀመሪያ ፊደል ጨምርበት» አለው። አባቱ ማንበብና መጻፍ አልተማረም፤ ልጁም በብረት ላይ የሚቀረጽ ፊደል እንዴት ያለ መሆን እንዳለበት ግራ ገባው። ስለዚህ ፊደሉን በወፍራም እጅ አድርጌ በወረቀት እንድጽፍላቸው ለመኑኝ፤ ጻፍሁላቸው። ባለ እጁ ወረቀቱን በፍሙ ብርሃን አገላብጦ አየውና፥ «ይህ እኔ ነኝ?» አለ። ፊደሉ ምን እንደ ሆነ እዚህ የማልጽፈው እርሱ ራሱ ገና ስላልፈቀደልኝ ነው። ባስልኤል የተባለው የደብተራ ኦሪት ሠሪ በኦሪት ዘጸአት በስሙ ተጠርቷል፤ የእኛም ባለ እጅ አንድ ቀን በፈቃዱ በስሙ እንዲጠራ እንመኛለን።

ለቤት እመቤቶች ጥቂት ምክር ጨምሬ ነገሬን እፈጽማለሁ። በእጅ የተሠራ ቢላዋ እንደ ፋብሪካው የማይዝግ አይደለም፤ ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ወዲያው ይደርቅ፤ ሎሚ ወይም ሽንኩርት ነክቶት አይደር። ለብዙ ቀን የሚቀመጥ ከሆነ ጥቂት የኑግ ዘይት ይቀባ። ከእሳት አጠገብ አይቀመጥ፤ ባለ እጁ በዓይኑ ለክቶ የሰጠውን ጥንካሬ እሳቱ መልሶ ይወስደዋልና። አጥንት በቢላዋ አይመታ፤ ለአጥንት መጥረቢያ አለው። ሲደነዝ በደረቅ ድንጋይ ላይ ከመፋቅ በውኃ በራሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከጀርባው ጥቂት ብቻ ከፍ አድርጎ መሳል ይሻላል። ለሰው ሲሰጥ ሁልጊዜ በእጀታው በኩል ይሰጥ፤ ልጆችም ይህን ከትንሽነታቸው ይማሩ።

ስትገዙም ሦስት ነገር ጠይቁ። ብረቱ ከምን እንደ መጣ፥ ቢደነዝ ወይም ቢሰነጠቅ ማን እንደሚያድሰው፥ ሦስተኛም የሠራው ሰው ማን እንደ ሆነ። ይህን ሦስተኛውን ጥያቄ ሻጩ እንዲፈራው አድርጋችሁ አትጠይቁ። መልሱን ስትሰሙ ዋጋውን ክፈሉ፤ ቢላዋውን ወደ ቤታችሁ ውሰዱ፤ ሥጋው ሲቈረጥ እንግዳችሁ ስለ ስለቱ ቢያመሰግን የሠሪውን ስም ንገሩት።